የባናው ስም የማን ነው?

የሰሜን ሸዋ ደጋ ብርዱን የሚመክተው በበግ ጠጉር ነው። መንዝ ማማም ሆነ ላሎ፣ ጌራም ሆነ ግሼ አብዛኛው ሕዝብ የሚኖረው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ነው፤ ውርጭ ገብስና ባቄላ የሚመታበት፣ ጥጥ የማይበቅልበት አገር። ስለዚህ የበጉ ጠጉር ይሸለታል፣ ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ ሸማኔ እጅ ይገባል። ባናና ዝተት ሆኖ ማታ ይለበሳል፤ በርኖስ ሆኖ ትከሻ ላይ ይውላል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ምንጣፍ ይሆናል። ቀለሙ አብዛኛውን ጊዜ በጉ ይዞት የተወለደው ቀለም ነው፤ ጥቁሩ ጥቁር፣ ቡናማው ቡናማ፣ ነጩ ነጭ። ይህን ሁሉ የኢትዮጵያ አንባቢ በጥቅሉ ያውቀዋል። ግን አዲስ አበባ ላይ አንድ ሰው ባና ሲገዛ ጠጉሩ ከየትኛው አገር በግ እንደተሸለተ፣ ማን እንደፈተለው፣ ሌላ ክር ይቀላቀልበት አይቀላቀልበት የሚያረጋግጥበት ምልክት የለውም። ሻጩ «የመንዝ ነው» ካለ የመንዝ ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አንድ ነው። ለሰሜን ሸዋ የሱፍ ሥራ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ባዛር ወይም ተጨማሪ የሦስት ቀን ሥልጠና ሳይሆን ሠሪዎቹ በጋራ የሚይዙት፣ በሕግ የተመዘገበ፣ ተመርምሮ ብቻ የሚሰጥ ስም ነው። ከዚያ ስም የሚገኘው ጥቅምም ከሸማኔውና ከነጋዴው በፊት ፈታይዋ እጅ መድረስ አለበት።

ስም ሀብት መሆኑን ለኢትዮጵያ አንባቢ ማስረዳት ከባድ አይደለም፤ ቡናው አስረድቶናል። መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ሲነሳ ከፍተኛ ተቃውሞ ገጠመው፤ ረዥም ክርክር ከተካሄደ በኋላ በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ተደረሰ። ያኔ የተከራከርነው ስለ ቡናው ፍሬ አልነበረም፤ ፍሬውንማ ከጥንትም እንሸጥ ነበር። የተከራከርነው ከፍሬው በላይ ስለሚከፈለው፣ ገዢው «ይርጋ ጨፌ» የሚለውን ቃል አይቶ ስለሚጨምረው ገንዘብ ነው። ከዚያ ክርክር የሚወሰደው ትምህርት ግን ሁለት ነው፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ስሙ መመዝገቡ ብቻውን ገበሬው ስንት እንደሚደርሰው አይወስንም። ስሙን የያዘው አካል ገንዘቡን እንዴት ወደ ታች እንደሚያወርድ አስቀድሞ ካልተጻፈ ስሙ ይከብራል እንጂ የስሙ ባለቤት ኑሮው አይለወጥም።

የእጅ ሥራ ስም በእኛ አገር ከቡና ይልቅ የከበደ ታሪክ አለው። ጠቢብ የሚለው ቃል ጥበበኛ ማለት ነበር፤ ከዚያው ሥር የወጣው ጠይብ ግን ስድብ ሆነ። በ1833 ዓ.ም. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግቢ የመጡት የእንግሊዝ መልእክተኞች በአንኮበር ዙሪያ ጫካ ውስጥ ተለይተው ስለሚኖሩ ጠቢባን ጽፈዋል፤ ብረት የሚቀጠቅጡት፣ ግቢው ያለ እነርሱ የማይሆንለት፣ ሕዝቡ ግን በጥንቆላ የሚጠረጥራቸው ሰዎች ነበሩ። ከአንኮበር ቁልቁል አሊዩ አምባ ላይ አርጎባዎቹ ሸማኔዎችና ነጋዴዎች የደጋውንና የቆላውን ገበያ ያገናኙ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገር ያስፈለጋቸው ነገሩ ሥር ሰድዶ ስለነበረ ነው፤ ማንም የማይሠራውን ነገር የሚከለክል አዋጅ አይታወጅም። እንግዲህ ለብዙ ዘመን የኖርንበት ሥርዓት ይህ ነው፦ ልብሱ ይከበራል፣ ሠሪው ይናቃል፤ ባናው ስም አለው፣ ሸማኔው ስም የለውም። ዛሬ ስድቡ ቀንሷል። ሠሪው ከዕቃው ስም ውጭ መሆኑ ግን አልቀረም፤ መልኩን ለውጦ ገበያው ውስጥ ተቀምጧል። የሠሪው ማንነት በዕቃው ላይ ካልተጻፈ ዋጋውን የሚወስነው የመጨረሻው ሻጭ ነው።

«ለዚህማ የግል ድርጅቶች አሉ» የሚል ይኖራል፤ እውነትም አሉ፣ ምስጋናም ይገባቸዋል። ቤተልሔም ጥላሁን በ1990ዎቹ አጋማሽ ከዘነበወርቅ ሠፈር የጀመረችው ሶልሬብልስ የበርባሶን ጥበብ ወደ ዓለም ገበያ ወሰደ። ሳባሀር የሐርና የጥጥ ሽመናን ለውጭ ገዢ አብቅቷል። ሊያ ከበደ ለምለምን ያቋቋመችው የአገሯ ሸማኔዎች ገበያ ማጣታቸውን ተመልክታ ነው። እነዚህ ድርጅቶች ከማንኛውም የመንግሥት ፕሮጀክት ይልቅ አንድ ነገር አረጋግጠዋል፤ የኢትዮጵያ እጅ ሥራ በርካሽነቱ ሳይሆን በጥራቱ ሊሸጥ እንደሚችል። ነገር ግን የግል መለያ የባለቤቱ ነው፣ መሆንም አለበት። ባለቤቱ ቢታመም፣ ቢሸጠው፣ ሥራውን ወደ ሌላ አገር ቢያሰፋ መብቱ ነው፤ ለምለምም ከኢትዮጵያ ውጭ ባሉ የአፍሪካ አገሮች ማሠራት ጀምሯል። ሸማኔው ግን ይዞት የሚሄደው ነገር የለም፤ ሃያ ዓመት የሠራበት ስም የእሱ አይደለም። የቦታ ስም ከዚህ ይለያል። መንዝ ወደ ሌላ አገር አይዛወርም። ስሙ የአካባቢው ሠሪዎች ማኅበር ከሆነ የግል ነጋዴም ሆነ ላኪ ድርጅት ሊገዛበት፣ የራሱን መለያ ከጎኑ ሊያኖርበት ይችላል፤ ሁለቱ ይደጋገፋሉ እንጂ አይጣሉም።

ለዚህ የሚቀርበን ምሳሌ ያለው በስኮትላንድ ዳርቻ ነው። የውጪዎቹ ሄብሪዲስ ደሴቶች እንደ መንዝ ብርድና ነፋስ የበዛባቸው፣ ሻካራ ጠጉር ያላቸው በጎች የሚሰማሩባቸው፣ እርሻው ብቻውን ሰው የማያኖርባቸው ደሴቶች ናቸው። ሐሪስ ትዊድ የሚባለው የሱፍ ጨርቅ ስሙ ሲገን አስመሳዩ በዛ፤ ሠሪዎቹም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የጋራ ምልክት አስመዘገቡ፤ ጨርቁም እየተመረመረ ማኅተም ይመታበት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ የብሪታንያ ፓርላማ ስሙን በራሱ ሕግ አስከበረው፤ ጨርቁ ሐሪስ ትዊድ ለመባል በደሴቶቹ ነዋሪ፣ በቤቱ፣ በእጅ መሸመን አለበት፤ ሱፉም በዚያው መቀለምና መፈተል አለበት። ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኛ ትልቁ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የማይነገረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 ደንባቸውን ሲያሻሽሉ ፈትሉ በደሴቶቹ ባለ ፋብሪካ እንዲሆን ፈቀዱ፤ ሽመናውን ብቻ በሰው ቤት አስቀሩት። ይህ ክህደት ነው ያሉ ነበሩ። ደንቡ ግን የደበቀው ነገር አልነበረም፤ ምን በእጅ እንደሚሠራ፣ ምን በማሽን እንደሚሠራ በግልጽ ጻፈ፤ ገዢውም ያንን አውቆ ገዛ። ጨርቁ ዛሬም በሕይወት አለ።

ፈትሉን ያነሳሁት የነገሩ ቋጠሮ እዚያ ስለሆነ ነው። የሽመና ሙያ ሲነገር ዓይናችን የሚሄደው መወርወሪያው ላይ ነው፤ ፎቶግራፍ የሚነሳውም ሸማኔው ነው። ግን አንድ ባና ከሚፈጀው ጊዜ አብዛኛው የሚሄደው ከሽመናው በፊት ነው፤ ጠጉሩን ማጠብና ማጽዳት፣ መንደፍ፣ ማባዘት፣ ከዚያ በእንዝርት እየጠመዘዙ ክር ማውጣት። የአንዱን ሸማኔ ድርና ማግ ለመሙላት የብዙ እጅ ፈትል ያስፈልጋል። ይህ ሥራ የሚሠራው በአብዛኛው በቤት ውስጥ፣ በሴቶች፣ ከእንጀራ መጋገርና ከውኃ መቅዳት በተረፈች ሰዓት ስለሆነ እንደ ሥራ አይቆጠርም፤ የማይቆጠር ሥራ ደግሞ አይከፈልበትም። ዋጋው ሲወርድ የመጀመሪያዋ ከሳሪ ፈታይዋ ናት፤ ዋጋው ሲወጣ የመጨረሻዋ ተቀባይም እርሷው ናት። ልጇ ይህን አይታ እንዝርት ባትይዝ ምን ይፈረድባታል? ካሽሚር ላይ የደረሰው ይህ ነው። የካሽሚር ፓሽሚና እ.ኤ.አ. በ2008 በሕንድ ሕግ የቦታ መለያ አገኘ፤ ስሙ ተጠበቀ፣ በኋላም በስሪናጋር መመርመሪያ ተቋቋመለት። ነገር ግን በእጅ የሚፈትሉት ሴቶች ክፍያ ለረዥም ጊዜ እዚህ ግባ የማይባል ሆኖ ስለቆየ ብዙዎቹ ሥራውን ተዉት፤ የማሽን ክርም ቦታውን ያዘ። ስሙ ተረፈ፣ እጁ ሸሸ። ሰሜን ሸዋ ሁለቱን መንገዶች ዓይቶ የመምረጥ ዕድል አለው፤ ዘግይቶ መነሳት አንዳንዴ እንዲህ ይጠቅማል።

የእኔ ሐሳብ ሁለት ደረጃ ያለው ማኅተም ነው። አንዱ ከጠጉሩ እስከ ሽመናው በእጅ ለተሠራ ባና፣ ዝተትና በርኖስ፤ በዚህ ላይ ፈታይዋ በክሩ ክብደትና ቅጥነት እየተለካ አስቀድሞ በተጻፈ ተመን ይከፈላታል፤ ከተመኑ በታች የከፈለ ማኅተሙን አያገኝም። ሌላው በእጅ ለተሸመነ፣ ክሩ ግን በአካባቢው ማሽን ለተፈተለ ምንጣፍና ካፖርት ጨርቅ። ደብረ ብርሃን ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የነበራት ከተማ ናት፤ ሱፍን በማሽን መንደፍና መፍተል ለዚህ ከተማ እንግዳ ነገር አይደለም። መንደፉን ብቻ እንኳ በማሽን ማድረግ የሴቶቹን ድካም በእጅጉ ያቀላል፤ የክሩንም መልክ አያበላሽም። ነውሩ ማሽን መጠቀም አይደለም፤ ማሽን የፈተለውን «የእጅ ፈትል» ብሎ መሸጥ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ የዋጋው ነው። ከውጭ የሚገባው የሰው ሠራሽ ክር ብርድ ልብስ ቀላል ነው፣ ይታጠባል፣ አይኮሰኩስም፣ ዋጋውም የባናውን ያህል አይደለም። የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። እንግዲህ ማን ይገዛዋል? መጀመሪያ፣ ባናው ዛሬ ከብርድ ልብሱ ጋር በዋጋ ብቻ የሚወዳደረው ገዢው የሚለይበት ሌላ ነገር ስላልተሰጠው ነው። ሁለት ዕቃ ያለ ምንም ምልክት ጎን ለጎን ሲቀመጥ ሚዛኑ ገንዘብ ብቻ ይሆናል፤ በዚያ ሚዛን እጅ ማሽንን አሸንፎ አያውቅም። የሐበሻ ቀሚስ ላይ ያየነውም ይኸው ነው፤ ከውጭ ታትሞ የመጣው ጥለት ሽሮ ሜዳ ድረስ ሲገባ ሸማኔው «የእኔ በእጅ የተሠራ ነው» የሚለው ቃል እንጂ የሚያሳየው ማስረጃ አልነበረውም። ሁለተኛ፣ ሻካራ ጠጉር ለገላ ባይመችም ለምንጣፍ፣ ለካፖርት፣ ለመቀመጫ ልብስ ይመቻል፤ ምንጣፍ የሚረገጥ ነገር ስለሆነ ጠንካራ ጠጉር ይፈልጋል፤ ሐሪስ ትዊድም ከውጭ የሚደረብ ካፖርትና ኮት እንጂ ሸሚዝ አይደለም። ሦስተኛ፣ ገበያው የግድ ባሕር ማዶ መፈለግ የለበትም። በአገር ውስጥ ያሉት ሎጆችና ሆቴሎች፣ ቤቱን በአገር ዕቃ ማስዋብ የሚፈልገው ከተሜ፣ ከውጭ ሲመጣ የአገሩን ነገር ይዞ መመለስ የሚሻው ወገን፣ እነዚህ ሁሉ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ እውነተኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በውጭ ገዢ ላይ ብቻ መደገፍ ምን እንደሚያስከትል ደብረ ብርሃን ራሷ አይታለች። የኢንዱስትሪ ፓርኳ በ2011 ዓ.ም. ሲመረቅ ተስፋው በአብዛኛው የውጭ ድርጅቶችን መለያ ሰፍቶ መላክ ላይ ነበር። ታኅሣሥ 2014 ኢትዮጵያ ምርቷ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ይገባበት ከነበረው ከአጎዋ ዕድል ስትወጣ በመላ አገሪቱ ያሉ የልብስ ፋብሪካዎች ገበያቸው ተናጋ። ፓርኩ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ለብዙ ወጣት የደመወዝ በር ነው። ግን በሌላ ሰው ስም ላይ የተሰፋ ልብስ ስሙ ሲነሳ ባዶ እጅ ያስቀራል። ባና ከዚህ ይለያል፤ በጉ የራስ፣ ጠጉሩ የራስ፣ ሙያው የራስ ነው፤ የጎደለው የተመዘገበ ስም ብቻ ነው።

ሌላው ተቃውሞ የጋራ ነገር አይሰምርም የሚለው ነው። «የሁሉም የሆነ የማንም አይደለም» የሚለው አስተሳሰብ በደርግ ዘመን ከላይ በታዘዙ ማኅበራት ተሞክሮ ጠንክሯል፤ ያ ተሞክሮ የጎዳቸው ሰዎች ፍርሃት የዋዛ አይደለም። ነገር ግን መንዝ ራሱ ለዚህ መልስ አለው። ከመቶ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን የጓሳ መሬት ሕዝቡ ራሱ ባወጣው የቀሮ ሥርዓት ለአራት መቶ ዓመት ያህል ጠብቆታል። አባ ጌራ የሚባሉ አለቆች ይመረጣሉ፤ መሬቱ ለሦስትና ለአምስት ዓመት ጭምር ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ተከፍቶ በደንብ ይታጨዳል፤ ደንብ የጣሰ ይቀጣል። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢናጋም ኅብረተሰቡ በአዲስ መልክ አደራጅቶት ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው እስከ ዛሬ እዚያው አሉ። ሣር ለመቁረጥ አምስት ዓመት መታገሥ የቻለ ሕዝብ የተጭበረበረ ባና ላይ ማኅተም አልመታም ማለት አያቅተውም። ከቀሮ የማይወሰድ አንድ ነገር ግን አለ። መብቱ በዘር ሐረግ የሚወረስ ስለነበር ርስት የሌለው ከውጭ ቀርቷል። የማኅተሙ አባልነት በትውልድ ሳይሆን በሥራ መሆን አለበት፤ የፈተለ፣ የሸመነ፣ የሸለተ ሁሉ፣ ከማንም ቢወለድ፣ ምንም ሃይማኖት ቢኖረው። ያለዚያ ምኒልክ በአዋጅ የከለከሉትን ንቀት በማኅበር ደንብ መልሰን እናስገባዋለን።

ዛሬ ስለ ባና መለያ ማውራት ቅንጦት ነው የሚለኝ አንባቢ ደግሞ ይኖራል። ባለፉት ዓመታት በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገድ ዘግቷል፣ ጎብኚ አስቀርቷል፣ ሰው ገድሏል። ይህን አቅልሎ ማለፍ አይገባም፤ ምልክት ሰላምን አይተካም። ሆኖም ገበያ ሲዘጋ ከሁሉ በፊት የሚሞተው በየቀኑ ገዢ የሚፈልግ ሙያ ነው። ወተትና አትክልት መንገድ ሲዘጋ ይበላሻሉ፤ ከብል የተጠበቀ ሱፍ ግን ዓመት ይቆያል፣ ክሩም ይቆያል፣ ባናውም ይቆያል። ደንብ መጻፍ፣ ሠሪ መመዝገብ፣ የክር ናሙና መሰብሰብ ብዙ መኪና የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። መንገዱ ሲከፈት ዝግጁ ሆኖ የተገኘና ያልተገኘ አካባቢ አንድ አይሆኑም።

ሕጉ አለ። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 የወል የንግድ ምልክትን ያውቃል፤ ማኅበር ተቋቁሞ መተዳደሪያ ደንቡን ይዞ ወደ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን መሄድ ይችላል። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና የግብርና ምርምር ማዕከሉ በአጠገብ ናቸው፤ የጠጉሩን ውፍረትና ጥንካሬ መለካት፣ የተቀላቀለ ክር መለየት ለእነርሱ ከባድ ሳይንስ አይደለም። የዞኑና የወረዳዎቹ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ባዛር የሚያዘጋጁበትን ጊዜና ገንዘብ በከፊል ለዚህ ቢያውሉት ከምንም በላይ ይጠቅማል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ደንቡን የሚጽፈው ኮሚቴ ውስጥ ማን እንደሚቀመጥ መወሰን አለበት። ነጋዴዎችና ባለሥልጣናት ብቻ ከተቀመጡ የፈትል ተመን የሚለው አንቀጽ ወይ ይጠፋል ወይ መጨረሻ ላይ ይወሸቃል። ስለዚህ ከወንበሩ ግማሹ የፈታዮች ይሁን፤ ስብሰባውም በመንዝ ከተሞች፣ ሞላሌና መሐል ሜዳ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ሴቶቹ ለራሳቸው ጉዳይ በሚመጡበት ሰዓት ይደረግ።

አንኮበርስ? የአንኮበርና የአሊዩ አምባ ጥጥ ሽመና በመንዝ ሱፍ ስም ውስጥ መግባት የለበትም። ጥጡ ከቆላ የሚመጣ፣ ሙያውም ከአርጎባ ሸማኔዎች ጋር የተያያዘ የራሱ ታሪክ ያለው ሥራ ነው፤ «የሰሜን ሸዋ እጅ ሥራ» በሚል አንድ ሰፊ ስም ሁሉንም መጠቅለል ለሪፖርት ይመቻል እንጂ ለገዢው ምንም አይነግረውም። የአሊዩ አምባ ሸማኔዎች የራሳቸውን ስም ራሳቸው ይምረጡ፤ ደንባቸውንም ራሳቸው ይጻፉ፤ የመንዙ ከተሳካ ግልባጩን ይወስዳሉ፣ ካልተሳካ የት ላይ እንደተሰናከለ ያያሉ።